የእንግሊዟ ዶቅዶቄ

ሰው በስደት አገር ሲኖር ገንዘቡን የሚያፈስበት ቦታ አያጣም። አንዱ አገር ቤት ቤት ይሠራል፤ አንዱ ለልጁ ልደት አዳራሽ ይከራያል፤ ሌላው ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ መኪና አልይዝም ብሎ በዕዳ ይኖራል። የእኔ ገንዘብ፣ ባለቤቴ እንደምትለው፣ ጋራዥ ወለል ላይ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚያልቀው። ጠብታው የሞተር ዘይት ነው። የምታንጠባጥበዋም በ1970 እንግሊዝ አገር ተሠርታ ወደ አሜሪካ የተላከች፣ ትራያምፍ ቦንቪል የምትባል፣ በዕድሜ ከእኔ ሁለት ዓመት ብቻ የምታንስ ሞተር ሳይክል ነች። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኩት፤ የእርሷ የልደት ወረቀት በዚያ ስለሆነ።)

ያገሬ ሰው ይህን ሲሰማ በመጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያዝናል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የራስ ቁሬን ከወንበሩ ሥር ያዩ አንድ አዛውንት፣ «አንተ፣ የልጆች አባት አይደለህም እንዴ? በዶቅዶቄ ምን ትሠራለህ? ፒዛ ማድረስ ጀመርክ?» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። እኛ ባደግንበት ዘመን ሞተር ሳይክል የትራፊክ ፖሊስና የመሥሪያ ቤት ተላላኪ እንጂ የባለትዳር ሰው መሣሪያ አልነበረም። ኋላም ቢሆን ስሙ አላማረለትም፤ በ2019 የአዲስ አበባ አስተዳደር በሞተር የሚፈጸመው ወንጀል በዛ ብሎ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተሮች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከልክሏል። ስለዚህ ለአዛውንቱ መልስ አልሰጠሁም። እዚህ የምጽፈው ያኔ ልሰጣቸው የሚገባኝን መልስ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ የምኖረው ፍሪድሊ ነው። ፍሪድሊን ለማያውቁ፣ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ሚሲሲፒን ተከትላ የተዘረጋች፣ በስተደቡብ ከኮሎምቢያ ሃይትስ ጋር የምትዋሰን የሠራተኛ ከተማ ነች። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ጊዜን የሚቆጥሩት ከግንቦት 1965 ጀምሮ ነው፤ በዚያ አንድ ምሽት ሁለት ብርቱ አውሎ ነፋሶች ከተማዋን እየተከታተሉ መቷታል። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ አንዲት ፈረንጅ መበለት ነበሩ። በ2011 ጸደይ ላይ ጋራዣቸውን ሲያጸዱ ላግዛቸው ገባሁ። ከሣር ማጨጃው ጀርባ፣ አቧራ በጠገበ አንሶላ ሥር፣ ቀይና ብርማ ቀለም ያላት ይህችው ሞተር ቆማለች። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ገዝተዋት፣ ሦስተኛ ልጃቸው ሲወለድ አቁመዋት፣ ከዚያ ወዲያ ሳያስነሷት ዐርፈዋል። ሴትዮዋ፣ «ብረት ለሚሰበስበው ሰው ልሰጣት ነው» አሉኝ። እኔም በዚያው ሳምንት 2,800 ዶላር አምጥቼ ከፈልኳቸው። ባለቤቴ ለሁለት ቀን አላነጋገረችኝም።

ለምን እንደገዛኋት ለማስረዳት ወደ አባቴ መሄድ አለብኝ።

አባቴ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መካኒክ ነበር። ሙያውን የተማረው ከ1941 በኋላ አገሩ ሳይመለስ ከቀረ አንድ የጣሊያን ባለ ጋራዥ ነው። የእኛ አገር የጋራዥ ቋንቋ ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ። አባቴ የቁልፍ ቁጥር የሚጠራው እንኳ በጣሊያንኛ ነበር፤ «ትሬዲቺ አቀብለኝ» ሲለኝ አሥራ ሦስት ቁጥርን አነሣለሁ። ጣሊያንኛ እንደሆነ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሚወደው ግን የእንግሊዝን ሞተር ነበር። እንግሊዞች በ1941 ጣሊያንን ለማስወጣት ሲመጡ ወታደሮቻቸው ቢኤስኤና ኖርተን እየነዱ ነው የገቡት፤ አባቴም በልጅነቱ መንገድ ዳር ቆሞ ያየውን አልረሳም። አድጎ አንድ ያረጀ ቢኤስኤ አገኘ፤ ሠርቶም ነዳው። አንድ ቀን ከእንጦጦ ሲወርድ ወድቆ ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ይጠግናል እንጂ አይነዳም። እኔንም መጠገኑን አስተማረኝ፤ መንዳቱን ከለከለኝ። በ2003 ሲያርፍ እኔ የመኖሪያ ወረቀቴ አልቆልኝ ስላልነበር ለቀብሩ መሄድ አልቻልኩም። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ስለዚህ አልጽፍም።

ወደ ሞተሯ ልመለስ። የእንግሊዝ አሮጌ ሞተር መያዝ ማለት መጀመሪያ ቁልፍ መግዛት ማለት ነው። ጋራዥ ውስጥ የነበሩኝ የሚሊ ሜትርም የአሜሪካ ኢንችም ቁልፎች ከግማሹ ዳዶ ላይ አይገጥሙም። እንግሊዞች ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ መሐንዲስ በ1841 ያወጣውን የቡሎን ክር ከመቶ ዓመት በላይ ይዘውት ኖረዋል። በዊትዎርዝ ቁልፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር የዳዶውን ስፋት ሳይሆን የቡሎኑን ውፍረት ስለሚናገር፣ ያላወቀ ሰው ቁጥሩን አምኖ ሲያነሣ ሁልጊዜ ይስታል። ይባስ ብሎ የእኔዋ በተሠራችበት ጊዜ ፋብሪካው ወደ አዲሱ የክር ዓይነት በመሸጋገር ላይ ስለነበር አንዱ ቡሎን በአሮጌው፣ ጎረቤቱ በአዲሱ ነው። ባትሪዋም የተገላቢጦሽ ነው፤ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። አባቴ ቢያያት በጣሊያንኛ ይሳደብ ነበር።

ማስነሣቷም ሥርዓት አለው፤ እንደ ቡና ማፍላት ነው፣ አንዱን ከዘለሉት አይጥምም። መጀመሪያ የቤንዚኑን መክፈቻ ታዞራለህ። ከዚያ በሁለቱ ካርቡራተሮች ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቤንዚን ጣትህን እስኪያርሰው ድረስ ትጫናለህ። ቀጥሎ ፍሪሲዮኑን ይዘህ የተጣበቁት ሳህኖች እንዲላቀቁ ሁለት ጊዜ በባዶው ትረግጣለህ። አሁን ታበራለህ፤ ማርሽ መግባት አለመግባቱን ታያለህ፤ ከዚያ በሙሉ ክብደትህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ ታች። ሞተሪኖ የሚባል ነገር የላትም። በግማሽ ልብ የረገጣት እንደሆነ ፔዳሏ ተመልሳ ቁርጭምጭሚት ትመታለች። ከተነሣች ግን፣ ያ ድምፅ! አዲሶቹ ሞተሮች እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው የሚያዝሙት። ይህችኛዋ ትናገራለች። «ዶቅዶቄ» የሚለውን ቃል የፈጠረው ሰው የሰማው ይህንን ድምፅ መሆን አለበት።

ስለ አሠራሯ ታሪክ ጥቂት ልበል፤ ለእኛ ለስደተኞች የሚሆን ነገር አለበትና። ትራያምፍን የመሠረተው እንግሊዛዊ አልነበረም። ሲግፍሪድ ቤትማን የሚባል ከኑረምበርግ የመጣ ጀርመናዊ ወጣት ነው። በ1880ዎቹ እንግሊዝ ገብቶ ብስክሌት በመነገድ ጀመረ፤ በኮቨንትሪ ከተማ ፋብሪካ አቋቁሞ በ1902 የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል አወጣ። በ1913 የዚያችው ከተማ ከንቲባ እስከ መሆን ደረሰ፤ በዓመቱ ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን ትውልዱ ጀርመን ነው ተብሎ በጥርጣሬ ዐይን ይታይ ጀመር። በ1940 ደግሞ የጀርመን ቦምብ ኮቨንትሪን ሲያወድም ፋብሪካውም አብሮ ወደመና ሜሪደን ወደምትባል መንደር ተዛወረ። የእኔዋ የተወለደችው እዚያ ነው።

ቦንቪል የሚለው ስም የመጣው ከዩታ የጨው ሜዳ ነው። በ1956 ጆኒ አለን የሚባል አሜሪካዊ በትራያምፍ ሞተር የሚሄድ፣ ቅርጹ ሲጋራ የመሰለ ተሽከርካሪ ይዞ በዚያ ሜዳ ላይ በሰዓት ከ200 ማይል በላይ በረረ። በ1959 የወጣችው ባለ 650 ሲሲ ሞተር በዚያ ተሰየመች። በስልሳዎቹ ዓመታት አሜሪካውያን ይሻሟት ነበር። በ1969 ሆንዳ አራት ሲሊንደር ያለው፣ በአውራ ጣት የሚነሣ፣ ዘይት የማያንጠባጥብ 750 ሲሲ ሞተር ይዞ መጣ። የእንግሊዞቹ ካርተር እንደ ዳቦ ከላይ ወደ ታች ተሰንጥቆ የተጋጠመ ሲሆን፣ የጃፓኖቹ ግን ከላይና ከታች እንደ ድስትና ክዳን ስለተጋጠመ ዘይቱ መውጫ አላገኘም። ቀሪውን ዓለም ያውቀዋል። በ1973 ሜሪደን ሊዘጋ ነው ሲባል ሠራተኞቹ በሩን ዘግተው ፋብሪካውን ያዙ፤ በ1975ም በመንግሥት ብድር ራሳቸው በማኅበር ያንቀሳቅሱት ጀመር። እስከ 1983 ሞተር እየሠሩ ቆይተው ተዘጋ። ስሙን ጆን ብሉር የሚባል የቤት ሥራ ተቋራጭ ገዛው፤ ዛሬ የሚሸጡት ትራያምፎች የእርሱ ኩባንያ ልጆች ናቸው። ጥሩ ሞተሮች ናቸው፤ ወለል አያቆሽሹም። እኔን አይመለከቱኝም።

ሚኒሶታ ለእንዲህ ያለ ሞተር የማይመች አገር ነው። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ በረዶ፣ በበረዶው ላይ ጨው፤ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። መንገዱ በጸደይ ዝናብ እስኪታጠብ፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ አጋማሽ፣ ሞተሯ ጋራዥ ትተኛለች። ተኝታም አታርፍም፤ በታንከሩ ያለው ዘይት ቀስ እያለ ወደ ካርተሩ ይወርዳል፤ በጸደይ ሳያፈስሱ ያስነሧት እንደሆነ በየመጋጠሚያው ትተፋዋለች። የቤንዚኑ ጉዳይ ሌላ ነው። በዚህ ክፍለ ሀገር ሕግ በመደበኛው ቤንዚን ውስጥ አሥር በመቶ ያህል ከበቆሎ የሚወጣ ኤታኖል ይገባል። ኤታኖል የድሮ ጎማና ማጣበቂያ ያሟሟል፣ ውሃም ይስባል። ደግነቱ ሕጉ ለአሮጌ መኪና፣ ለሞተር ሳይክል፣ ለጀልባና ለሣር ማጨጃ ኤታኖል የሌለው ቤንዚን እንዲሸጥ ይፈቅዳል። የትኛው ማደያ እንደሚሸጠው በቃሌ አውቃለሁ፤ የልጆቼን ስልክ ቁጥር ግን አላውቅም።

ስለ መብራቷ ብዙ ቀልድ ሰምቻለሁ። የእንግሊዝ ሞተሮችን የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሠራ የነበረውን ሉካስን ፈረንጆች «የጨለማው ልዑል» ይሉታል። እንግሊዞች ሞቅ ያለ ቢራ የሚጠጡት ፍሪጃቸውን ሉካስ ስለሠራው ነው እያሉም ይሳለቃሉ። እኔ እንኳ ፍርዱ ይበዛበታል ባይ ነኝ። አንድ ምሽት በሃይዌይ 95 ከቴይለርስ ፎልስ ወደ ስቲልዎተር ስመለስ፣ ጫካው መሐል፣ መብራቴ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሴንት ክሮይ ወንዝ ከታች እንዳለ አውቃለሁ፤ አይታየኝም። ዳር ይዤ ቆሜ በእጅ ባትሪ ስፈትሽ ከመሪው አንገት ሥር አንድ ሽቦ ሃምሳ ዓመት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ኖሮ ተበጥሷል። በሃምሳ ዓመት የማይበጠስ ምን አለ? በሁለት ብር የማይበልጥ ሽቦ አስሬ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማ ነበር።

ደስታውን ሳልናገር ችግሩን ብቻ እንዳላወራ። ከፍሪድሊ በኢስት ሪቨር ሮድ ሚሲሲፒን ተከትሎ ወደ አኖካ፣ እሑድ ማለዳ፣ በሰኔ። በሰዓት 45 ማይል ለእርሷ ልክ ነው። ከ60 ካለፈች ሁለቱ ፒስቶኖች አንድ ላይ እየወጡ አንድ ላይ ስለሚወርዱ እጅ እስኪደነዝዝ ታንቀጠቅጣለች፤ ዳዶ ትፈታለች፤ አንዴ ሰሌዳዋን ሰንጥቃለች። ስለዚህ 694 ላይ አልወጣም። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በሚኒሶታ ሞተረኛ በቆሙና በቀስታ በሚሄዱ መኪኖች መሐል ማለፍ ተፈቅዶለታል፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ተራዬን ጠብቄ እሄዳለሁ። ማርሿ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኗ በግራ ነው፤ ከ1975 በኋላ ከተሠሩት ተቃራኒ። ሌላ ሞተር የለመደ ሰው ሊያቆም ሲፈልግ ማርሽ ይቀይራል። በሌላ አነጋገር ልብህን ሌላ ቦታ ትተህ ልትነዳት አትችልም። ፋብሪካ ስምንት ሰዓት ቆሜ፣ የባንክና የኢንሹራንስ ሐሳብ ጭንቅላቴን ሞልቶት ወጥቼ፣ እርሷ ላይ ስቀመጥ ከማርሽና ከፍሬን በቀር ሌላ አላስብም። ይህን የሚመስል ዕረፍት ከጸሎት በቀር አላገኘሁም።

በነገራችን ላይ ስለ ሞተርና ስለ ሐሳብ በዓለም ከታወቁት መጻሕፍት አንዱን የጻፈው የሚኒያፖሊስ ተወላጁ ሮበርት ፐርሲግ ነው። በ1968 ልጁን ከኋላ አስቀምጦ ከዚሁ ተነሥቶ እስከ ካሊፎርኒያ ነዳ፤ መጽሐፉ በ1974 ወጣ። የነዳው ግን ሆንዳ ነበር። ብልህ ሰው ነበር ማለት ነው።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ልንገራችሁ። እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ያህል ስኖር የማላውቀው ፈረንጅ ማደያ ላይ ሲያነጋግረኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ከየት ነህ?» ይህችን ሞተር ከያዝኩ ወዲህ ጥያቄው ተለወጠ፤ «የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?» ይላሉ። ቤንዚን ስቀዳ ነጭ ጢም ያለው ሰው ከፒካፑ ወርዶ ይመጣል፤ እጁን ታንከሯ ላይ ያሳርፋል፤ «እኔም ነበረችኝ» ይላል። ከዚያ ታሪኩን ይቀጥላል። አንዱ ቬትናም ሲሄድ ለወንድሙ ትቷት ወንድሙ ሸጣት። አንዱ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ሸጣት። አንዱ አልጨረሰልኝም፤ ዐይኑ ዕንባ ሞላና መኪናው ውስጥ ገባ። ከየት እንደመጣሁ ማንም አይጠይቀኝም፤ የምሄድበትን ነው የሚጠይቁኝ። ይህን ለቅሶ ቤት ላገኘኋቸው አዛውንት እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ባለቤቴ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነች፣ የማታ ፈረቃ። «እኛ ጋ ሞተር ነጂን ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃለህ? የኩላሊት ለጋሽ» አለችኝ በመጀመሪያው ዓመት። ቀልድ አልነበረም። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ «ስትወጣ ድምፁን በጆሮዬ እከተለዋለሁ። እስከ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ድረስ ይሰማኛል፤ ከዚያ ይጠፋል። ከጠፋበት ተመልሶ እስኪሰማ ያለውን ሰዓት አንተ አታውቀውም።» ለዚህ መልስ የለኝም። የማደርገውን ብቻ ላድርግ ብዬ፣ ሕጉ ለአዋቂ ሰው የራስ ቁር ባያስገድድም ያለ እርሱ ከጋራዥ አልወጣም፤ ማታና በዝናብ አልነዳም፤ ስደርስ እደውላለሁ። እርሷም ዝም አለች። ዝምታው ስምምነት አልነበረም፤ ዝም ብሎ ዝምታ ነው።

ባለፈው ክረምት ትልቋ ልጄ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጋራዥ መጥታ ቴስታታውን ስንፈታ አብራኝ ዋለች። እጇ ጥሩ ነው፤ እንደ አያቷ የማይታየውን ቡሎን በጣቷ ታገኘዋለች። ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ እያለች አማርኛዋ ከእኔ ጋር ሲሆን ይሻላል፤ ቅዳሜ ትምህርት ቤት ካስተማሯት ይልቅ እዚህ የተማረችው ይበዛል፤ ምንም እንኳ ግማሹ ጣሊያንኛ ቢሆን። በመጨረሻ፣ «አባዬ፣ መንዳትም አስተምረኝ» አለች።

አባቴ ለእኔ የሰጠኝን መልስ አፌ ላይ አገኘሁት። አላወጣሁትም። «እናትሽን ጠይቂ» አልኳት፤ ይህም ጀግንነት እንዳልሆነ ይገባኛል።

ከእናቷ ጋር ሦስት ሳምንት ወሰደ። በሩ ተዘግቶ ስለነበር ሁሉን አልሰማሁም። አንዴ ብቻ ባለቤቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አንቺን በዚያ በር ሲያስገቡሽ እኔ ተረኛ ብሆንስ?» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ረጅም ጸጥታ ሆነ። በኋላ ሁለቱም ወጥተው ውሳኔውን ነገሩኝ፤ በትንሽ አዲስ ሞተር የሚሰጠውን የጀማሪዎች ሥልጠና መጀመሪያ ትጨርሳለች፤ የራስ ቁሩን እናቷ ትመርጣለች፤ የእንግሊዟን የምትነካው እኔ አጠገብ ስሆን ብቻ ነው፤ ከሰፈር አትወጣም። በውሳኔው ላይ የእኔን አስተያየት የጠየቀኝ የለም።

ሥልጠናውን በግንቦት ጨረሰች። አሁን ችግሩ ማርሹ ነው። በግራ እግሯ መቀየር ስለለመደች የእንግሊዟን ስትይዝ ሁለቱ እግሮቿ ይጣላሉ። ቤታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱ ወደሚዘጋበት ጫፍና ወደዚህ፣ በመጀመሪያ ማርሽ ብቻ ትመላለሳለች። ኪሎዋ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ርግጫ አታስነሣትም፤ አንዱን እግሯን መሬት ሳታስነካ ተንጠልጥላ በሦስተኛው ይሳካላታል። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማ ታያለች። ባለፈው ቅዳሜ ቡናዋን ይዛ እስከ ጋራዡ ደጃፍ ወርዳ፣ ወለሉን አይታ፣ «ይኼ ዘይት ደግሞ ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀች። ከካርተሩ መጋጠሚያ በስተግራ ነው። ጓርኒሲዮኑን አዝዣለሁ፤ ሐሙስ ይደርሳል።